ቅጽሉ የማን ነው? ከሰው ስም የወጡ የእንግሊዝኛ ቃላትን መፍቻ መንገድ

«ክርስቲያን» የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን ቆም ብሎ የሚፈታው ሰው ጥቂት ነው። ክርስቶስ የሚለው ስም አለበት፤ ይህ ግልጽ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ያን» ግን ግእዝም አማርኛም አይደለችም፤ ላቲን ናት። ሮማውያን የአንድን ጌታ ወይም የጦር አበጋዝ ሰዎች ሲጠሩ ስሙ ላይ «ኢያኑስ» ይቀጥሉ ነበር። የፖምፔ ወገኖች «ፖምፔያኒ»፣ የቄሣር ወገኖች «ካይሳሪያኒ» ነበሩ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ በአንጾኪያ ክርስቲያን ተባሉ ሲል፣ የተጻፈበት ግሪክኛ እንኳ ይህችን የላቲን ጭራ ተውሷል። እንግሊዝኛም ዛሬ «ኦርዌሊያን»፣ «ፍሮይዲያን»፣ «ቪክቶሪያን» የሚላቸውን ቅጽሎች የሚሠራው በእሷው ነው።

ስለዚህ የቃሉ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚያስቸግረው ትርጉሙ ነው። የትርጉም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ፒሪክ ቪክትሪ» የሚል ሐረግ ገጠመኝና «የፒሪክ ድል» ብዬ አለፍኩት። ጽሑፉን ያረሙልኝ አዛውንት «ፒሪክ የት አገር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የጦር ሜዳ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሰው ስም ኖሯል። ፒሩስ በጥንቱ የግሪክ ምድር የነበረችው የኤጲሮስ ንጉሥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 በሄራክሊያ፣ በ279 ደግሞ በአስኩለም ሮማውያንን ድል አደረገ፤ ነገር ግን የታመኑ አዛዦቹና ወታደሮቹ አለቁበት። እንዲህ ያለ ድል አንዴ ቢደገም አለቀልን ማለቱን የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፏል። «ፒሪክ» የሚባለው እንግዲህ አሸናፊውን ራሱን የሚያደቅ ድል ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል በገጠመኝ ቁጥር የምሄድበትን መንገድ እነሆ። ደረጃዎቹ እኩል አይከብዱም። ዋናው አራተኛው ነው፤ ምክንያቱም ቅጽሉ የሰውየው ሙሉ መልክ አይደለም። ከሕይወቱ አንዲት ነገር ተቆርጣ የወጣች ናት፤ የቆረጣትም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው፣ አንዳንዴም ጠላቱ ነው። ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ፣ የተለየ ነገር ካልተባለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 1፦ ጭራውን ይቁረጡ

ሰዋስው «ድኅረ ቅጥያ» ይለዋል፤ እኔ ጭራ ብዬ እቀጥላለሁ። በብዛት የሚያገኟቸው አምስት ናቸው፤ «ኢያን»፣ «ኢክ»፣ «ኤስክ»፣ «ኢስት» እና «አይት»። ዲከንዚያን ከዲከንስ፣ ባይሮኒክ ከባይሮን፣ ካፍካኤስክ ከካፍካ፣ ማርክሲስት ከማርክስ፣ ታቸራይት ከታቸር።

ጭራው ተቆርጦ የሚጣል ብቻ እንዳይመስልዎ፤ የራሱ ስሜት አለው። «ኢያን» ገለልተኛ ናት፤ ለሳይንቲስትም ለንግሥትም ትሆናለች። «ኤስክ» ከጣልያንኛ ተነሥታ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣች ስትሆን «በእገሌ አኳኋን» ማለት ናት፤ ስለዚህ ሠዓሊና ደራሲ ላይ ትወድቃለች። «አይት» ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። ተከታይ ማለት ናት፤ ግን ብዙ ጊዜ የንቀት ሽታ አላት። የትሮትስኪ ተከታዮች ራሳቸውን «ትሮትስኪስት» ሲሉ ጠላቶቻቸው «ትሮትስካይት» ይሏቸው ነበር። ጭራ ብቻ በመቀየር ስድብ ተሠራ ማለት ነው። በእኛ አገር በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን የነበረ ሰው «ማርክሲስት-ሌኒኒስት» የሚለውን አጠራር በኩራት ያነሳ ስለነበር፣ «ኢስት» ራስን መጥሪያ መሆኗን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ደረጃ 2፦ ስሙ ካልገጠመ በላቲን በኩል ይዙሩ

ጭራውን ቆርጠው የቀረው የማንም ስም የማይመስልበት ጊዜ አለ። «ካርቴዢያን» ሲቆረጥ «ካርቴዥ» ይቀራል፤ እንዲህ የሚባል ፈላስፋ የለም። የጥንት የአውሮፓ ሊቃውንት በላቲን ሲጽፉ ስማቸውንም ላቲን ያለብሱት ነበር። ፈረንሳዊው ዴካርት በላቲን ካርቴሲየስ ነው፤ ፊተኛው «ዴ» ወድቆ ቀርቷል። ቅጽሉ የወጣው ከዚህኛው ስሙ ነው። አየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት በርናርድ ሾው ላይ ደግሞ «ሾውያን» ማለት አፍ ላይ ስለማይመች ስሙ «ሻቪየስ» ተብሎ ላቲን ተደረገና «ሻቪያን» ተባለ። ኮንግ ፉዚ የተባለውን ቻይናዊ ሊቅም ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ኮንፊሽየስ አደረጉት፤ «ኮንፊሽያን» የወጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ከእንግሊዙ የሚቀድምበት አንድ ቦታ አለ። በ1603 በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተቀመጠው የንጉሥ ጄምስ ዘመን «ጃኮቢያን» ይባላል። እንግሊዙ ጄምስና ጃኮብ ምን አገናኛቸው ብሎ ይደናገራል። እኛ ግን እንግሊዝኛው የጄምስ መልእክት የሚለውን «የያዕቆብ መልእክት» ብለን ነው ያነበብነው። ጄምስ ያዕቆብ ነው፤ በላቲን ያኮቡስ፤ አለቀ። የልጁ የቻርልስ ዘመን «ካሮላይን» የሚባለውም ቻርልስ በላቲን ካሮሉስ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ በምድር ላይ የኖረ ሰው ነው?

ይህን ቶሎ ማለፍ ይቻላል። «ሄርኩሊያን» ከአፈ ታሪክ ጀግና የመጣ ነው። ሳቂታና ተጫዋች ሰው «ጆቪያል» የሚባለው ኮከብ ቆጣሪዎች በጁፒተር ኮከብ የተወለደ ደስተኛ ይሆናል ይሉ ስለነበር ነው፤ ጆቭ የጁፒተር ሌላ ስሙ ነው። «ኩዊክሶቲክ» ደግሞ ሰርቫንቴስ በ1605 እና በ1615 በሁለት ክፍል ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ካለው ዶን ኪሆቴ የወጣ ነው። የነፋስ ወፍጮ ግዙፍ ሰው መስሎት ጦር ይዞ የገጠመው እሱ ነው። ቅጽሉ ዓላማው ያማረ፣ ከእውነታው ጋር ግን ጨርሶ የማይገናኝ ሥራን ይገልጻል። አነባበቡን ልብ ይበሉ፤ የሰውየው ስም ኪሆቴ ቢሆንም ቅጽሉ ኩዊክሶቲክ ተብሎ ነው የሚነበበው፤ እንግሊዞች ስፓኝኛውን እንደራሳቸው ፊደል አነበቡት። ደራሲው ከፈጠረው ሰው ያነሰ ዝና ማግኘቱ ያሳዝናል፤ ከሰርቫንቴስ ስም የወጣውን ቅጽል ከሥነ ጽሑፍ ምሁራን በቀር የሚጠቀምበት የለም።

ደረጃ 4፦ ስሙን ማን አወጣለት? ወዳጅ ወይስ ጠላት?

መዝገበ ቃላት «ማኪያቬሊያን» የሚለውን ሲፈታ ተንኮለኛ፣ ለሥልጣን ሲል ምንም ከማድረግ የማይመለስ ይላል። ሰውየው ግን ማን ነበር? ኒኮሎ ማኪያቬሊ ከ1498 እስከ 1512 የፍሎሬንስ ሪፐብሊክ ጸሐፊና መልእክተኛ ነበር። የሜዲቺ ቤተሰብ ሥልጣን ላይ ሲመለስ ከሥራው ተባረረ፤ በ1513 በሤራ ተጠርጥሮ ታሠረ፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ በገመድ እየተሰቀለ ተገረፈ። «ልዑሉ» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፍ የጻፋት ከእስር ወጥቶ በገጠር ሲኖር ነው። የታተመችውም ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1532 ነው። በሌላ ትልቅ ሥራው የሪፐብሊክን አስተዳደር ያወደሰ ሰው ነው። በ1559 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥራዎቹን ከተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባች። በእንግሊዝ ተውኔቶችም «ማኪያቬል» የሰይጣን ታናሽ ወንድም የሚመስል ገጸ ባሕርይ ሆነ። ቅጽሉ የወጣው ከዚህ ስም ማጥፋት እንጂ ከሰውየው ኑሮ አይደለም። እኔ በበኩሌ ተንኮለኛ ሹም ሳይ በዚህ ስም ለመጥራት እጄ አይታዘዝልኝም፤ ቃሉ ግን ገበያ ላይ ውሏልና ትርጉሙን ማወቅ ግድ ነው።

ኤጲቆሮስ የባሰበት ነው። ከ341 እስከ 270 ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ይህ ግሪካዊ ፈላስፋ በአቴና አትክልት ቦታው ከወዳጆቹ ጋር በእንጀራና በውኃ ነበር የሚኖረው፤ የእነሱን እንጀራ ማለቴ ነው። አንድ ወዳጁን፣ ባሰኘኝ ጊዜ ድግስ እንዳደርግበት ትንሽ አይብ ላክልኝ ብሎ እንደጻፈለት ይነገራል። አይብ ድግሱ የነበረ ሰው! ደስታ የኑሮ ግብ ነው ስላለ ብቻ ተቃዋሚዎቹ ሆዳም አድርገው ሣሉት። ዛሬ «ኤፒኪዩሪያን» የሚባለው ምግብና መጠጥ አማርጦ የሚበላ ሰው፣ ወይም ባለ ብዙ ሳህን ማዕድ ነው።

«ድራኮኒያን» ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። ድራኮ ወደ 621 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለአቴና የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕግ የደነገገ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ በመኳንንቱ አፍ ላይ ነበር። ድሃው አንብቦ ሊሟገትበት የሚችል ሕግ ስለጻፈ ሊመሰገን ይገባው ነበር፤ ግን አትክልት የሰረቀውንም ነፍስ ያጠፋውንም በሞት ቀጣ። ለምን ቢሉት፣ ለትንንሹ ጥፋት ሞት ይገባዋል፣ ለትልቁ ደግሞ ከሞት የከፋ አጣሁለት አለ ይባላል። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የአቴና ተናጋሪ የድራኮ ሕግ በቀለም ሳይሆን በደም ተጻፈ ብሏል። የአቴናው ሕግ አውጪ ሶሎን በ594 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነፍስ ግድያው ሕግ በቀር ሌላውን ሁሉ ሻረው። መጀመሪያ መጻፉ ተረሳ፤ ጭካኔው ቀረ።

ከሁሉ የሚያሳስተው ኦርዌል ነው። «ኦርዌሊያን መንግሥት» ሲባል ኦርዌል የወደደው መንግሥት ሊመስል ይችላል። ቅጽሉ የሚገልጸው በ1949 ባሳተመው ልብ ወለድ ያወገዘውን ነው፤ ዜጋውን ቀን ከሌት የሚሰልል፣ ትናንት የተጻፈውን ዛሬ የሚፍቅ፣ ጦርነትን ሰላም ብሎ የሚጠራ ሥርዓት። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ነገር በስሙ ተጠራ። ስሙም ቢሆን የራሱ አልነበረም፤ እውነተኛ ስሙ ኤሪክ ብሌር ነው፤ ኦርዌል በእንግሊዝ ሳፎክ ውስጥ ያለ የወንዝ ስም ነው። ሥሩን እስከ መጨረሻው ከቆፈሩት ያ ሁሉ የስለላ መንግሥት የተሰየመው በአንድ ወንዝ ነው።

ካፍካም እንዲሁ። ፕራግ ውስጥ በሠራተኞች የአደጋ መድን መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ፣ በ1924 የሞተ ደራሲ ነው። «ካፍካኤስክ» የምትለውን ቃል አሁን ሰው ሁሉ ለረጅም ሰልፍ ይጠቀምባታል። በእኔ ግምት ይህ ማባከን ነው። ከመስኮት ወደ መስኮት እየተመላለሱ «ነገ ይመለሱ» መባል የተለመደ ቢሮክራሲ ነው። ክስዎ ምን እንደሆነ ሳይነገርዎ፣ ዳኛውን ሳያዩት፣ ጥፋተኛ መሆንዎን ግን ሁሉም ሲያውቅ ያኔ ካፍካኤስክ ነው።

ስሙ ሲወሰድበት ቆሞ ያየም አለ። ኦስትሪያዊው ደራሲ ዛኸር-ማሶኽ በሕይወት እያለ ነው፣ አንድ የአእምሮ ሐኪም ሥቃይን ከወሲብ ደስታ ጋር ለሚያገናኝ ባሕርይ ስሙን የሰጠበት። «ማሶኪስቲክ» ከእሱ ነው። «ሳዲስቲክ» የወጣበት ፈረንሳዊው ማርኪ ደ ሳድ ግን በ1814 ሞቶ ስለነበር ይህን አላየም።

ደረጃ 5፦ አንድ ቅጽል፣ ሁለት ባለቤት

«ግሪጎሪያን» የሚለውን ከአቆጣጠር ጋር እናውቀዋለን፤ ጎርጎርዮሳዊ እንለዋለን። በ1582 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ይሁን ብለው አሥር ቀን የዘለሉበት አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው «ጁሊያን» ከዩልዮስ ቄሣር ነው፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ያለ ልዩነት ይጨምራል። ጳጉሜን ስድስት የምናደርግበት የእኛ አቆጣጠርም የሚሄደው በዚሁ ደንብ ነው። ነገር ግን «ግሪጎሪያን ቻንት» የሚል ካነበቡ ያው ጳጳስ እንዳይመስልዎ። እሱ ከ590 እስከ 604 በሮም የነበረው ታላቁ ጎርጎርዮስ ነው፤ ዜማው በስሙ ይጠራ እንጂ አብዛኛው የተደራጀው ከእሱ በኋላ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማስረዳት ይቀላል፤ «ያሬዳዊ ዜማ» ብለን በአንድ ቅዱስ ስም የጠራነው የዜማ ሀብት አለንና።

«ጆርጂያን» ሦስት ነው፤ የካውካሰስ አገር ሰው፣ የአሜሪካዋ ግዛት ሰው፣ እና ከ1714 እስከ 1830 እንግሊዝን የገዙት አራት ጆርጆች ዘመን። አሜሪካዊቷ ጆርጂያም የተሰየመችው በዳግማዊ ጆርጅ ስለሆነ ሁለቱ ተመልሰው ይገናኛሉ።

አንድ ወጥመድ ደግሞ በተለይ ለእኛ አለ። በእንግሊዝኛ አፍ ላይ «ኤሪያን» ተብለው ተመሳስለው የሚሰሙ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘው የአርዮስ ነው፤ ሁለተኛ ፊደሉ አር፣ ሦስተኛው አይ ነው። ሌላው ናዚዎች ያበላሹት፣ ከሳንስክሪት የመጣና የማንም ሰው ስም ያልሆነ ቃል ነው፤ እሱ በአይ ፈንታ ዋይ አለው። «አርዮሳዊ» ብሎ መተርጎም የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ታሪኩ ሲያምር ይጠርጥሩ

«ሲዛሪያን» የሚባለውን የማዋለጃ ቀዶ ሕክምና ዩልዮስ ቄሣር በዚያ መንገድ ስለተወለደ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አይመስልም። በዚያ ዘመን ሆድ የሚቀደደው እናቲቱ ስትሞት ወይም ልትሞት ስትል ነበር፤ የቄሣር እናት አውሬሊያ ግን ልጇ ጋልን (የዛሬዋን ፈረንሳይ) ሲወጋ በሕይወት ነበረች። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ የሚለው ሌላ ነው፤ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ቄሣር ስሙን ያገኘው ከእናቱ ማሕፀን ተቆርጦ ስለወጣ ነው ይላል። «ካይዴሬ» በላቲን መቁረጥ ነው። በፕሊኒ አባባል ከሄድን መቁረጡ ለስሙ መነሻ ሆነ እንጂ ስሙ ለመቁረጡ መነሻ አልሆነም።

ለማጣራት መዝገበ ቃላቱ ላይ የቃሉን ፍቺ አንብበው አይዝጉት። በብዙዎቹ የቃሉ መነሻ የሚጻፈው ከፍቺው ቀጥሎ ወይም መጨረሻ ላይ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ደግሞ ቃሉ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘበትን ዓመት ከነጥቅሱ ያስቀምጣል። ይህን ዓመት ከሰውየው የሞት ዓመት ጋር ያስተያዩት፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት ለመገመት ይረዳዎታል።

ደረጃ 7፦ በትልቁ ፊደል ወይስ በትንሹ?

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለማይለይ እንግሊዝኛ ስንጽፍ የሚያደናቅፈን እዚህ ነው። ሰውየው በቃሉ ውስጥ ገና ከታየ በትልቁ ይጻፋል፤ ኦርዌሊያን፣ ፍሮይዲያን፣ ቪክቶሪያን። ሰውየው ተረስቶ ትርጉሙ ብቻ ከቀረ በትንሹ ይሄዳል፤ ኩዊክሶቲክ፣ ሳዲስቲክ፣ ብዙ ጊዜም ድራኮኒያን። «ፕላቶኒክ» ሁለቱንም ነው። የአፍላጦን ፍልስፍና ሲሆን በትልቁ፣ ከወሲብ የራቀ ወዳጅነት ሲሆን በትንሹ። ይህኛውን ትርጉም በ15ኛው መቶ ዘመን መነሻ የሰጠው አፍላጦንን ወደ ላቲን የተረጎመው የፍሎሬንስ ሰው ፊቺኖ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ አማርኛ ሲመልሱ

የሳይንስ፣ የፍልስፍና ወይም የታሪክ ዘመን ስያሜ ከሆነ ስሙን ይዘው «ኣዊ» ይጨምሩ፤ ዳርዊናዊ፣ ማርክሳዊ፣ ኒውተናዊ። የጠባይ ወይም የሁኔታ መግለጫ ከሆነ ግን ስሙን ይተዉት። «ድራኮናዊ እርምጃ» ብለው ቢጽፉ እኔን የጠየቁኝ አዛውንት እርስዎንም ድራኮ የት አገር ነው ይሉዎታል፤ «ርኅራኄ የለሽ እርምጃ» ይበቃል።

ሦስተኛም መንገድ አለ። አማርኛ ሰውን ለጠባይ ምሳሌ ሲያደርግ ቅጽል ከመሥራት ይልቅ «የ» ማለት ይቀናዋል፤ የኢዮብ ትዕግሥት፣ የሰሎሞን ጥበብ። ስለዚህ «ሶሎሞኒክ» የሚለው አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ሁለት ልብስ ይለብሳል። ስለ ፍርድ ከሆነ «የሰሎሞን ፍርድ»፣ በ1270 በይኩኖ አምላክ ስለተጀመረው የነገሥታት ሐረግ ከሆነ «ሰሎሞናዊ ሥርወ መንግሥት»።

መለማመጃ፦ የእኛው ቃል

ደረጃዎቹን በአንድ ቃል እንሞክራቸው፤ «ራስታፋሪያን»። ጭራው «ያን» ነው፤ ሲቆረጥ «ራስታፋሪ» ይቀራል። ላቲን ውስጥ መዞር አያስፈልግም፤ ባለቤቱ በምድር ላይ የኖረ ሰው፣ ራስ ተፈሪ መኮንን ነው። እንግሊዝኛ ማዕረጉንና ስሙን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። አጥሮ «ራስታ» ሲባል ደግሞ መቀሱ ያረፈው ባልታሰበ ቦታ ነው፤ ማዕረጉ በሙሉ፣ ከስሙ ግን «ተ» ብቻ።

ማን አወጣው? ራስ ተፈሪ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ጃማይካ ያሉ ሰባኪዎች የተነገረው ንጉሥ መጣ አሉ። «ራስታፋሪ» የሚለው የአማኞቹ የራሳቸው አጠራር ነው፤ ጭራውን የቀጠሉት የውጭ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ አማኞች በተለይ «ኢዝም» ሲቀጠልባቸው አይወዱም። ስለዚህ ስለ እነሱ ሲጽፉ «ራስታፋሪ» ማለቱ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ፊደልም ትልቁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እስከ መጨረሻው የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ፤ እዚህም ቅጽሉና ሰውየው አንድ አይደሉም።

አማርኛውስ? ሻሸመኔ ጎራ ያለ ሰው እንደሚያውቀው ሕዝቡ ሲጠራቸው «ራስ ተፈሪያን» ነው የሚለው። ማዕረጉንና ስሙን እንደገና ለያይቷቸዋል፤ ከአንጾኪያ ጀምሮ የምናውቃትን የላቲኗን «ያን» ግን ሳይነካት ትቷታል።